የሰው ጠባይ በምን ይታወቃል?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ሁላችንም በየቀኑ ስለምንሠራው፥ ነገር ግን እንሠራዋለን ብለን ስለማናስበው አንድ ሥራ ነው። ይኸውም የሰውን ጠባይ መመዘን ነው። አሠሪ ሠራተኛ ሲቀጥር፥ አባት ልጁን ሲድር፥ ነጋዴ ሸሪክ ሲመርጥ፥ አስተማሪ ስለ ተማሪው ሲጽፍ፥ ዳኛ የምስክር ቃል ሲሰማ፥ «ይህ ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው?» የሚለውን ጥያቄ በልቡ ሳያነሣ አያልፍም። መልሱን ለማግኘትም አብዛኛውን ጊዜ እንቸኩላለን። አንዱን «ዐይኑ አያምረኝም»፥ ሁለተኛውን «አነጋገሩ የጭምት ነው»፥ ሦስተኛውን «የእገሌ ልጅ ስለ ሆነ አይከዳም» እያልን እንፈርዳለን። አበው ግን «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብለዋል። ይህ ምሳሌ ጥርጣሬን ብቻ የሚያስተምር ይመስላል። ነገር ግን ሌላ ትርጕምም ልንሰጠው እንችላለን፤ ሰው ዕድሜውን እስኪፈጽም ድረስ ስለ ጠባዩ የመጨረሻ ቃል ሊነገር አይገባም ማለት ነው።

እኔም የመጨረሻውን ቃል ቸኵዬ የተናገርሁበት ጊዜ ስላለ፥ ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። በወጣትነቴ አስተማሪ ሳለሁ ከተማሪዎቼ አንዱን በሒሳብ ፈተና ላይ ከጓደኛው ሲቀዳ አገኘሁት። ተገቢውን ቅጣት ተቀበለ፤ ነገሩም በዚያው ሊያበቃ ይገባው ነበር። እኔ ግን በዓመቱ መጨረሻ ወደ ወላጆች በሚላከው የውጤት ካርድ ላይ፥ ስለ ጠባይ በተተወው ቦታ፥ «አታላይ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ልብ በሉ፤ «በፈተና ላይ አታለለ» አላልሁም፤ «አታላይ ነው» አልሁ። በእነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለውን ርቀት በዚያን ጊዜ አላስተዋልሁትም። ልጁ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲዛወር አዲሱ አስተማሪ ፊቱን ከማየቱ በፊት ካርዱን አየ። የልጁ ነገር ከምን እንደ ደረሰ በንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን የሰውን ጠባይ ለማወቅ ሊቃውንት የተጓዙበትን መንገድ እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአገራችን ሊቃውንት ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፥ ማለት ከእሳት፥ ከነፋስ፥ ከውሃና ከመሬት፥ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተዋሐደ ነው ይባላል። የጥንት ግሪኮችም ስለ አራቱ ባሕርያት ያስተምሩ ነበር። በሂጶቅራጥስ ስም የሚታወቀው የሕክምና ትምህርት ደግሞ በሰው ገላ ውስጥ አራት ፈሳሾች እንዳሉ ይናገር ነበር፤ እነርሱም ደም፥ አክታ፥ ቢጫ ሐሞትና ጥቍር ሐሞት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌን ይህን ትምህርት አስፋፋው። ከእርሱም በኋላ የመጡት፥ ደም የበዛበት ሰው ደስተኛና ተጫዋች፥ አክታ የበዛበት ዝግተኛና ቀዝቃዛ፥ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቍጡ፥ ጥቍር ሐሞት የበዛበት ትካዜ የማይለየው ይሆናል እያሉ ሰውን በአራት ከፈሉት። ይህ አስተሳሰብ በዐረቦችና በአውሮፓውያን ሐኪሞች ዘንድ ከሺሕ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። ዛሬ በእነዚህ ፈሳሾች መብዛትና ማነስ ጠባይን የሚያስረዳ ሐኪም የለም። ሰውን በጥቂት ዐይነቶች ከፋፍሎ የማስቀመጥ ምኞት ግን ከፈሳሾቹ ጋር አብሮ አልሞተም።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፍራንስ ዮሴፍ ጋል የተባለ በቪየና ከተማ የሚኖር ሐኪም ሌላ መንገድ አመጣ። አንጐል የልዩ ልዩ ችሎታዎችና ጠባዮች ማደሪያ ስለ ሆነ፥ የበረታው ክፍል የራስ ቅልን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ የሰውን ራስ በጣት በመዳሰስ ጠባዩን ማወቅ ይቻላል አለ። አንጐል የአሳብ መኖሪያ ነው ማለቱ መልካም ነበር፤ ከራስ ቅል እብጠት ጠባይን አነባለሁ ማለቱ ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ስሕተትነቱ እስኪታወቅ ድረስ፥ ከታወቀም በኋላ ቢሆን፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ራስ እየዳሰሱ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። እኛም ብንሆን የሰውዬውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር መንዝሮ፥ ድምሩን እየገደፈ ኮከቡን በማውጣት ጠባዩንና ዕድሉን የሚናገረውን ዐውደ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ እናውቃለን።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ፥ «ነገር ግን የተነገረኝ ጠባይ በእውነት የእኔው ነበር» ይለኝ ይሆናል። ይህን ተቃውሞ አልንቀውም፤ እንዲያውም በብልሃት ስለ ተመረመረ ልነግራችሁ እወዳለሁ። በ1948 በአሜሪካ በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመርመሪያ ጥያቄዎች ሰጣቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላም የእያንዳንዱ ስም የተጻፈበትን የውጤት ወረቀት አድሎ፥ «ይህ መግለጫ የእናንተን ጠባይ ምን ያህል እንደሚናገር ከ0 እስከ 5 ባለው ነጥብ ፍረዱ» አላቸው። ተማሪዎቹ የሰጡት ፍርድ በአማካይ 4.26 ሆነ። በመደነቅ ላይ ሳሉም መምህሩ ምሥጢሩን ገለጠ፤ የሁሉም ወረቀት ቃል በቃል አንድ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹንም አብዛኛውን የሰበሰበው በመንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ ነበር። ወረቀቱ፥ ሌሎች እንዲወዱት እንደሚፈልግ፥ ራሱን እንደሚነቅፍ፥ ገና ያልሠራበት ችሎታ እንዳለው የሚናገር ነበር። ይህን የማይመስል ሰው ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ አንድ የጠባይ መግለጫ ለእኛ እውነት መስሎ መታየቱ ብቻ እውነተኛነቱን አያስረዳም። ለሁሉ የሚገጥም ልብስ ለማንም አልተለካም።

እንግዲህ ከጥንቱ መንገድ ወደ ኋለኞቹ ሊቃውንት እንለፍ። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልቡና በሦስት ከፍሎ አሳየ። አንደኛው የፈለገውን ሁሉ አሁኑኑ አግኝቶ መደሰት የሚወድ ምኞት ነው። ሁለተኛው ከወላጅና ከኅብረተ ሰብ የተማረውን ሕግ ይዞ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ቆሞ ከዓለም እውነት ጋር የሚያስማማ ሽማግሌ ነው። ፍሮይድ ያስተማረው ሁሉ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። የሰው ሥራ በምንም ቢገለበጥ ትምህርቱ ከሆነ በኋላ ማስረጃ ያገኝለታል እንጂ ከመሆኑ በፊት ወስኖ አይናገርም፤ ስለዚህም ስሕተቱን በፈተና ለመያዝ ያስቸግራል ተብሎ ይነቀፋል። ሰው ለሚሠራው ሥራ ምክንያቱን ሁልጊዜ ራሱ አያውቀውም የሚለው አሳቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቆሟል።

የፍሮይድ ባልደረባ የነበረውና ኋላ የተለየው የስዊስ ሐኪም ካርል ዩንግ ደግሞ በ1921 ስለ ጠባይ ዐይነቶች ጽፎ፥ አሳቡ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልንና አሳቡ ወደ ውጭ የሚያዘነብልን ሰው ለየ። ከዚህም ተነሥተው ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስና እናቷ ካትሪን ብሪግስ የተባሉ አሜሪካውያን ሰውን በ16 ዐይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። ይህ መጠይቅ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሠራበታል። ጕድለቱ ግን ይህ ነው። ሰውን ሁሉ በቁመቱ «ረዥም» እና «አጭር» ብላችሁ በሁለት ብቻ ብትከፍሉት፥ አብዛኛው ሰው መካከለኛ ስለ ሆነ የአንድ ጣት ልዩነት ያላቸውን ሁለት ሰዎች አንዱን ከረዣዥሞች፥ አንዱን ከአጫጭሮች ትጥሉታላችሁ። በጠባይም እንደዚሁ ነው። ዛሬ «ወደ ውጭ የሚያዘነብል» የተባለው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ መጠይቅ ቢሞላ ወደ ሌላው ወገን ሊወጣ ይችላል፤ ይህም የሚደርሰው በጥቂት ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

ሌሎች ሊቃውንት ግን ሰውን በዐይነት መክፈሉን ትተው ከቋንቋ ተነሡ። አሳባቸው ቀላልና ብልህ ነው። ሰው አብሮት ስለሚኖረው ሰው ማወቅ የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ በረዥም ዘመን ውስጥ ስም ያወጣለታል አሉ። በአማርኛችን ቍጡ፥ ትዕግሥተኛ፥ ቸር፥ ንፉግ፥ ቂመኛ፥ ሆደ ሰፊ፥ ሆደ ባሻ፥ ዐይን አፋር፥ ደፋር፥ ጭምት እያልን እንደምንጠራው ማለት ነው። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከአንድ ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለዩትን ቃላት ቢለቅሙ 17,953 አገኙ። ይህን የሚያህል ቃል ይዞ ማንንም መመዘን ስለማይቻል፥ ከእነርሱ በኋላ የመጡት አብረው የሚሄዱትን ቃላት በሒሳብ እየሰበሰቡ ማሳነስ ጀመሩ። ሬይመንድ ካተል 16 ልክ አገኘ። በ1961 ደግሞ ተፕስና ክሪስታል የተባሉ የአሜሪካ አየር ኀይል ተመራማሪዎች አምስት ብቻ እየተደጋገሙ እንደሚወጡ አሳዩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህ የአምስት ልክ ትምህርት በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ የበለጠ ተቀባይነት አገኘ።

አምስቱም እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ለአዲስ አሳብና ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄና ሥራን በሥርዐት መፈጸም ነው። ሦስተኛው ከሰው ጋር መጫወትንና መገናኘትን መውደድ ነው። አራተኛው ርኅራኄና ከሰው ጋር መስማማት ነው። አምስተኛው ለጭንቀትና ለኀዘን ቶሎ መሸነፍ ነው። ከዚህ ላይ የምንማረው፥ እያንዳንዱ እንደ ቁመት ያለ ልክ መሆኑን ነው። ሁሉም ሰው ከአምስቱ ሁሉ ጥቂት ወይም ብዙ አለው እንጂ፥ አንዱ የዚህ፥ ሌላው የዚያ ወገን ነው አይባልም።

ይሁን እንጂ ይህም ልክ ቢሆን ለሁሉ አገር እኩል መሆኑ ሳይጠየቅ አልቀረም። ተመራማሪዎች በቦሊቪያ ደን ውስጥ እያረሱና እያደኑ የሚኖሩትን ጺማኔ የተባሉትን ሕዝብ በራሳቸው ቋንቋ ጠይቀው በ2013 ሲያስታውቁ፥ አምስቱ ልኮች እንደ ተጠበቀው ተለይተው አልወጡም። ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። አንድ የውጭ አገር መጠይቅ «በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ዝም ትላለህን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «አዎን» የሚለውን ሰው ዐይን አፋር ብሎ ይቈጥረዋል። በእኛ ዘንድ ግን በታላላቆች ፊት ዝም የሚል ወጣት ጨዋ ይባላል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን የጨዋታው መሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ስለ ተተረጐመ ብቻ ለእኛ ተለካ ማለት አይደለም። በአገሩ ሰው ላይ እንደ ገና መፈተን ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ጠባይ ስለሚመረመርባቸው መሣሪያዎች ጥቂት ልናገር። የመጀመሪያው ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮበርት ውድዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ፥ ጦርነት አእምሮአቸውን ሊያውክባቸው የሚችሉትን ወታደሮች አስቀድሞ ለመለየት «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 116 ጥያቄዎች አዘጋጀ። ጦርነቱ ቀድሞት ስላበቃ ጥያቄዎቹ ለታሰበላቸው ሥራ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ለኋለኞቹ መጠይቆች ግን አባት ሆኑ። የዚህ መንገድ ችግር ግልጽ ነው፤ ሥራ ፈላጊ ሰው «ሰነፍ ነህን?» ቢባል «አዎን» አይልም። ስለዚህ በሚኔሶታ ሃታዌይና ማኪንሊ በ1943 ባወጡት መጠይቅ ውስጥ፥ ራሱን ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያሳየውን መልስ ሰጪ የሚያጋልጡ ጥያቄዎች ተጨመሩበት። በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ አልተቈጣሁም የሚል ሰው ስለ ሌላውም ነገር የሚናገረው እንዲጠረጠር ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሰውየው ሳያስበው ራሱን እንዲገልጥ ማድረግ ነው። ሄርማን ሮርሻክ የተባለ የስዊስ ሐኪም በ1921 አሥር የቀለም ጠብታ ሥዕሎች አሳትሞ፥ ታማሚው በሥዕሉ ውስጥ ከሚያየው ነገር ስለ ልቡናው ለማወቅ ሞከረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ እነዚያ ሥዕሎች በዓለም ሁሉ ታወቁ። ነገር ግን አንድን መልስ ሁለት መርማሪዎች በሁለት መንገድ መተርጐማቸው ብዙ ክርክር አስነሣ። የአሳብን መዘበራረቅ በመሰለው ጥቂት ነገር ይጠቅማሉ፤ በእነርሱ ብቻ የሰውን ጠባይ ሁሉ መፍረድ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው መሣሪያ ሰውን በሥራ ላይ ማየት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ሰዎቹን የሚመርጥበት አንድ ፈተና ነበረው። ተፈታኙ ሁለት ረዳቶች ተሰጥተውት ከእንጨት አንድ መዋቅር በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንዲያቆም ይታዘዛል። ረዳቶቹ ግን በምሥጢር ከመርማሪዎቹ ወገን ናቸው፤ አንደኛው ይለግማል፥ ሁለተኛው እየተሳለቀ ሥራውን ያፈርስበታል። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት መዋቅሩን ሳይሆን የሰውዬውን ትዕግሥት ማየት ነበር። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው። ይሁንና ከጦርነቱ በኋላ የተመረጡት ሰዎች በሥራቸው ላይ ያሳዩት ውጤት ሲመረመር፥ ትንቢቱ መርማሪዎቹ ተስፋ እንዳደረጉት አልሠመረም። በአሥር ደቂቃ የታየ ትዕግሥት የአሥር ወር ትዕግሥትን አይመሰክርም።

አድማጮቼ ሆይ፤ ከዚህ ላይ የነገሩ ሥር ይገኛል፤ የእኔም ስሕተት ወደዚህ ይመራናል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ የሆኑ ሕፃናትን ታማኝነት ፈተኑ። የፈተኑትም በመጠየቅ ሳይሆን አጋጣሚ በመፍጠር ነበር። የልጆቹ የፈተና ወረቀት በምሥጢር ከተገለበጠ በኋላ መልሱ ተሰጥቷቸው ራሳቸው እንዲያርሙ ይደረጋል፤ ስለዚህ መልሱን የለወጠው ልጅ ይታወቃል። በሌላ ቀን ሳንቲም ያለበት መጫወቻ ሰጥተው የማይመልሰውን ያያሉ። በሌላ ቀን ደግሞ በስፖርት ውድድር ያገኘውን ውጤት ራሱ እንዲናገር ያደርጋሉ። በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስታወቁት ነገር ብዙ ሰው አስገረመ። በፈተና ላይ ያታለለው ልጅ ገንዘብ ሰራቂ ሆኖ አልተገኘም፤ በጨዋታ የዋሸው በትምህርት ቤት እውነተኛ ሊሆን ቻለ። ሁልጊዜ ታማኝ ወይም ሁልጊዜ አታላይ ሆነው የተገኙት ጥቂቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ልጆች እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው አንዳንዴ ታማኝ፥ አንዳንዴ አታላይ ነበሩ።

በ1968 ዋልተር ሚሼል የተባለ ሊቅ እንደዚህ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ፥ ከአንድ የጠባይ መመዘኛ ተነሥቶ ሰውየው በአንድ ቦታ የሚያደርገውን መናገር እምብዛም እንደማይቻል ጻፈ። ከዚህ የተነሣ፥ «እንግዲያውስ ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነውን?» የሚል ረዥም ክርክር ተነሣ። መልሱ በሁለት መንገድ መጣ። በ1979 ሲይሞር ኤፕስታይን፥ የሰውን የአንድ ቀን ሥራ ከሌላ የአንድ ቀን ሥራ ጋር ብታስተያዩት አይመሳሰልም፤ የብዙ ቀን ሥራውን ደምራችሁ ከሌላ ብዙ ቀን ጋር ብታስተያዩት ግን በጣም ይመሳሰላል ሲል በጥናት አሳየ። ገበሬ የመሬቱን ፍሬያማነት በአንድ ዘለላ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ ጠባይም በአንድ ቀን አይፈረድም። ሁለተኛውን መልስ ያመጣው ሚሼል ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር ነው። በአንድ የበጋ ሰፈር ሕፃናትን ለብዙ ሰዓት ሲመለከቱ፥ አንዱ ልጅ ጓደኛው ሲቀርበው ይቈጣል፥ ታላቅ ሰው ሲገሥጸው ግን ይታዘዛል፤ ሌላው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱንም «ቍጡ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቃሉ ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳው «ይህ ሲሆን ይህን ያደርጋል» የሚለው ነው፤ ይህም ለየልጁ የጸና ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ የገበያ ሰፈር ሳልፍ አንድ ጐልማሳ ከሱቁ ወጥቶ እጅ ነሣኝ። ስሙን ሲነግረኝ ዐወቅሁት። ሻይ ጋብዞኝ ስንጫወት፥ የሰፈሩ ነጋዴዎች ዕቁብ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ብዙ ዓመት እንደ ቈየ ጎረቤቶቹ ነገሩኝ፤ አንድ ሳንቲም ጐድሎበት እንደማያውቅም መሰከሩለት። እኔ ካርዱን አስታውሼ አፈርሁ። እርሱ ግን እየሣቀ፥ «መምህር፥ አባቴ ማንበብ ስለማይችሉ ካርዱን ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ። የጻፉትን ቃል ትቼ ‹ጐበዝ ነው› ብዬ አነበብሁላቸው። በዚህስ የእርስዎን ቃል እውነት አደረግሁት» አለኝ። ቀጥሎም ሣቁን ተወና፥ «ያን ዓመት አባቴ ታመው ስለ ነበር ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርሁ፤ የሒሳቡም ትምህርት አመለጠኝ። እርስዎ ቀጡኝ እንጂ ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ዓመት እጄን ባወጣ የሚጠራኝ አስተማሪ አልነበረም» አለ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያ «ነው» የሚለው አጭር ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ዐውቄአለሁ። ልጁ ካርዱን ቢቀይረው ኖሮ አዲስ ስም ባገኘ ነበር፤ ነገር ግን የሚጽፈው እኔ እንጂ እርሱ አልነበረም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ስለ ሰው የመጻፍና የመፍረድ ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ፥ ማለት አስተማሪዎች፥ የመሥሪያ ቤት አለቆችና ወላጆች፥ ቃላችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አራት ጥያቄ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ ይህ ሰው ደግሞ ቢመዘን ያው ውጤት ይወጣልን? ሁለተኛ፥ የመዘንሁበት መንገድ ከዚህ ቀደም የተናገረው ነገር በሥራ ተፈትኖ እውነት ሆኖ ተገኝቷልን? ሦስተኛ፥ የተናገርሁት ለዚህ ሰው ብቻ የሚሆን ነው ወይስ ለሁሉ የሚገጥም? አራተኛ፥ ይህን ጠባይ ያየሁበት በየትኛው ቦታና ጊዜ ነው፥ ስንት ጊዜስ አየሁት? ለሥራ የሚመጡትን ሰዎች ስትጠይቁም ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሥርዐት አቅርባችሁ መልሱን በአንድ መስፈርት መዝኑ። በልማድ እንደሚደረገው ለአንዱ ስለ አገሩ፥ ለሌላው ስለ ዘመዱ እያነሡ ከመጫወት ይልቅ ይህ መንገድ ትክክለኛ ፍርድ እንደሚሰጥ በብዙ ጥናት ታውቋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። መንትዮችን በማስተያየት የተደረጉ ጥናቶች፥ በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከትውልድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታሉ። ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ጠባይ አይለወጥም» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። ሰዎችን ለብዙ ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች፥ አብዛኛው ሰው ከወጣትነት ወደ ጐልማሳነት ሲሻገር ጥንቃቄው እየጨመረ፥ ከሰው ጋር መስማማቱም እየበረታ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስለ 12 ዓመት ልጅ የተጻፈ ቃል ስለ 30 ዓመቱ ጐልማሳ የተጻፈ አይደለም።

ስለዚህ አድማጮቼና አንባቢዎቼ፥ ነገ ጧት በካርድ ላይም ሆነ በደብዳቤ፥ ወይም በቤታችሁ ውስጥ በልጃችሁ ፊት «እንዲህ ነው» ልትሉ ስትነሡ፥ ቃሉን ጥቂት አቆዩትና «በዚህ ቀን፥ በዚህ ቦታ፥ ይህን አደረገ» በሉ። ከዚያም «ለምን አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ አነጋገር ረዥም ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው፤ ለልጁም የሚመለስበትን በር ክፍት ይተውለታል።